የእንግሊዝ የእንፋሎት ባቡር ሞዴሎች

የእንግሊዝ መንግሥት የባቡር ድርጅት የመጨረሻዎቹን የእንፋሎት ባቡሮች ከዋና መስመሮቹ ያስወጣው በ1968 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ብዙዎቹ ተቆራርጠው ለብረት ተሸጡ። ሞዴሎቻቸው ግን ዛሬም ይመረታሉ፣ ይሰበሰባሉ። የልጆች መጫወቻ ሆነው የጀመሩ ነገሮች አሁን በአብዛኛው ትልልቅ ሰዎች እጅ ናቸው።

በዚህ ዓለም ቀድሞ የሚነሳው ስም ሆርንቢ ነው። የሊቨርፑሉ ፍራንክ ሆርንቢ መጀመሪያ የታወቀው በብሎን እየተያያዘ በሚገጣጠመው መካኖ መጫወቻ ነበር። ባቡር መሥራት የጀመረው በ1920 ነው። እነዚያ ባቡሮች ትልልቅ ስለነበሩ ሰፊ ክፍል ይፈልጋሉ። በ1938 ድርጅቱ ጠረጴዛ ላይ የሚበቃ፣ ደብሎ የተባለ አነስ ያለ ባቡር አወጣ። ሰውየው ከሁለት ዓመት በፊት አርፎ ስለነበር ይህን አላየም።

የደብሎ ልኬት ‘ኦኦ’ ይባላል፤ 1 ለ76 (በትክክል 1 ለ76.2) ማለት ነው፤ ሞዴሉ ከእውነተኛው ያን ያህል ጊዜ ያንሳል። በእንግሊዝ እስከ ዛሬ በብዛት የሚገዛው ይህ ነው። የሚገርመው ግን ልኬቱ ራሱ ስህተት አለበት። የእውነተኛው ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ለ76.2 ሲካፈል ወደ 18.83 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ሞዴሎቹ የሚሄዱት ግን 16.5 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ሐዲዱ የተወሰደው ከሌላው አውሮፓ ሞዴሎች ሲሆን የእነሱ ልኬት 1 ለ87 ነው። የእንግሊዝ ባቡሮች ደግሞ በተፈጥሯቸው ጠበብ ያሉ ናቸው። በ1 ለ87 ቢሠሩ የዚያን ጊዜ ሞተር ሆዳቸው ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አካሉን አሳደጉት፣ ሐዲዱን እንዳለ ተዉት። ሞዴሏን ከፊት ለፊት ስታዩዋት እግሯን ገጥማ የቆመች ትመስላለች። ይህ እንቅልፍ የነሳቸው አንዳንዶች ሐዲዱን በ18.83 ሚሊ ሜትር ራሳቸው ይሠራሉ። ሌላው ሰው ለምዶታል።

ሰብሳቢ የሚለየው በዝርዝሩ ነው። ማላርድን እንውሰድ። ይህች ሰማያዊ ባቡር ጁላይ 3 ቀን 1938 በሰዓት 126 ማይል ሮጣ የእንፋሎት ባቡሮችን የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። ዋናዋ ዮርክ ከተማ ባለው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ቆማለች። ሞዴሏ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትረዝማለች። መጀመሪያ የሚታየው ጎማዎቿን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ቀሚሷ በሉት፣ መኖር አለመኖሩ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ለጥገና እንዲመች ተነስቶ ነበር። ቀጥሎ ጎኗ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ትታያለች። ሰሌዳዋ ክብረ ወሰኑን የምትመሰክር ስትሆን የተለጠፈችው በ1948 ነው። እንግዲህ “የ1938ቷ ማላርድ” ተብላ የተሸጠች ሞዴል ሰሌዳዋን ይዛ ከተገኘች ነገሩ ተበላሸ!

ፍላይንግ ስኮትስማን የምትባለው ባቡርም እንዲሁ ናት። በ1923 ዶንካስተር ከተማ ተሠርታ ስትወጣ ቁጥሯ 1472 ነበር፤ ስም አልነበራትም። በ1924 ስሙንም 4472 የሚለውን ቁጥርም አገኘች። ባቡሮቹ የመንግሥት ከሆኑ በኋላ 60103 ተባለች። ቀለሟም አብሮ ተለዋወጠ። አንዷ ባቡር ለሰብሳቢው ብዙ ባቡር የምትሆነው በዚህ ነው፤ ለኪሱ ጥሩ ዜና አይደለም።

ካርቶኑም ዋጋ አለው። ሁለት እኩል የሚያምሩ ሞዴሎች ቢኖሩ ኦሪጅናል ካርቶኗ ያልጠፋው ትበልጣለች።

የሰብሳቢው ዋና ጠላት ግን አቧራም ልጅም አይደለም፤ ብረቱ ራሱ ነው። ከቆዩት ሞዴሎች ብዙዎቹ ከዚንክ ቅይጥ የተቀረጹ ናቸው። ቅይጡ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ገብቶ ከነበረ ብረቱ ከውስጥ ይበላል። መጀመሪያ ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይታያል። ከዚያ አካሉ ያብጣል፣ ይጣመማል፣ በመጨረሻ እንደ ደረቅ ብስኩት በእጅ ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም። መስታወት ውስጥ ተቆልፋ፣ ማንም ሳይነካት የቆየች ባቡር አንድ ቀን ሲከፍቷት ፊቷ ለሁለት ተሰንጥቆ ልትገኝ ትችላለች።