ጠመንጃ ነጋዴውን እምቢ የሚለው ማን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ጠመንጃ መሸጫ ሱቅ ከፈተ እንበል። ፈቃዱ በእጁ ነው፣ ግብሩንም ይከፍላል። ከዚያ ጎረቤቱ ያለው ካፌ የሚጠቀምበትን የስኩዌር ካርድ ማሽን ሊያስገባ ሲሞክር «አናስተናግድም» ይባላል። ሌሎቹ የክፍያ ድርጅቶች፣ ፔይፓልም ስትራይፕም፣ መልሳቸው ያው ነው። በዚህ ጉዳይ የሚወራው ብዙ ነው፤ ከሚወራው ደግሞ ብዙው ልክ አይደለም። እኔ የጠመንጃ ወዳጅ አይደለሁም። ግን አንድን ነጋዴ ማን፣ በምን ሥልጣን ከገበያ እንደሚያስወጣው ማወቅ ለማንም ሠርቶ አዳሪ ይጠቅማል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ሥራው ሕገ ወጥ ስለሆነ ነው»

አይደለም። የአሜሪካ መሣሪያ ነጋዴ የሚሠራው ኤቲኤፍ ከሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ፈቃድ አውጥቶ ነው። ገዢው ቅጽ ይሞላል። የሰውየው የኋላ ታሪክም ከ1998 ጀምሮ በሚሠራው የኤፍቢአይ ሥርዓት ይጣራል። «በኢንተርኔት ከፍለህ ጠመንጃው ቤትህ ድረስ ይመጣል» የሚባለውም ስህተት ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 የተገደሉት በፖስታ ታዝዞ በመጣ ጠመንጃ ነበር። በ1968 የወጣው ሕግ ያንን በር ዘጋው። ዛሬ ከነጋዴ ድረ ገጽ የተገዛ ጠመንጃ የሚላከው ገዢው አካባቢ ወዳለ ባለፈቃድ ሱቅ ነው። ገዢው እዚያ ሄዶ፣ ተጣርቶ ይረከባል።

«የከለከሉት ቪዛና ማስተርካርድ ናቸው»

ይህን ረጋ ብለን እንየው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካርድ ሲነካ ገንዘቡ በብዙ እጅ ያልፋል። ለገዢው ካርዱን የሰጠ ባንክ አለ። መስመሩን የዘረጉት ቪዛና ማስተርካርድ አሉ። የነጋዴው ባንክ አለ። መሃል ላይ ደግሞ ማሽኑን የሚያቀርበውና ክፍያውን የሚያሳልፈው ድርጅት አለ። ቪዛና ማስተርካርድ ሕጋዊ የመሣሪያ ሽያጭን አይከለክሉም። ብዙውን ጊዜ እምቢ የሚለው መሃል ያለው ድርጅት ነው።

ለምን? እነስኩዌርና እነስትራይፕ ነጋዴን የሚመዘግቡት በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ሱቁን ሄደው አያዩም። ገዢው «እኔ አልገዛሁም» ብሎ ገንዘቡን ሲያስመልስ ዕዳው ነጋዴው ላይ ይወድቃል። ነጋዴው ከጠፋ ወይም ከከሰረ ግን ዕዳው እነሱ ላይ ይመጣል። የእያንዳንዱን ነጋዴ ፈቃድ ማጣራት፣ የ50 ግዛቶችን የመሣሪያ ሕግ መከታተል ደግሞ ሰውና ገንዘብ ይፈልጋል። ዘርፉን በሙሉ መተው ይቀላቸዋል። የስም ጉዳይም አለበት። ስኩዌር ክልከላውን ያወጣው በ2013 ነው፤ ከሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ግድያ ወራት በኋላ።

«እንግዲያው ጠመንጃ ሱቅ በካርድ አይሸጥም»

ይሸጣል። እንዲህ ያለውን ሥራ ፈልገው የሚያስተናግዱ ድርጅቶች አሉ። ብቻ ኮሚሽናቸው ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል።

«መሣሪያ መያዝ መብት ነው፤ ስለዚህ እምቢ ማለት ሕገ መንግሥት መጣስ ነው»

መሣሪያ የመያዝ መብትን የሚጠብቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛው ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ነው። የግል ድርጅትን «ከዚህ ሰው ጋር ሥራ» ብሎ አያስገድድም። ግዛቶች ግን በሌላ መንገድ ይመጣሉ። ቴክሳስ ለምሳሌ በ2021 ባወጣችው ሕግ የመሣሪያ ዘርፉን የሚያገል ኩባንያ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿ ጋር ትልልቅ ውል እንዳይዋዋል አድርጋለች።

ነገሩ መልኩን የሚቀይረው መንግሥት ከጀርባ ሲገፋ ነው። የኒውዮርክ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ የነበሩት ማሪያ ቩሎ፣ በ2018 ፍሎሪዳ ውስጥ ከደረሰው የፓርክላንድ ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ ኢንሹራንስ ድርጅቶች ለጠመንጃ ባለቤቶች ከሚሟገተው ከብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር እንዲርቁ ጫና አድርገዋል ተብለው ተከሰሱ። በ2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ማኅበሩ ክሱን መቀጠል ይችላል አሉ። ባለሥልጣን የማይወደውን ሐሳብ ሌላውን አስፈራርቶ ማፈን አይችልም ነው ነገሩ። የተከራከሩት ስለ ንግግር ነፃነት ነው፤ ጠመንጃ ስለመያዝ አይደለም።

«ሁሉም የመንግሥት ሴራ ነው»

ይህ ወሬ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። የባንክ ተቀማጭን የሚያስተማምነው ኤፍዲአይሲ በ2011 ባንኮች ሊጠነቀቁባቸው ይገባል ያላቸውን ሥራዎች ዘርዝሮ አወጣ። ጠመንጃና ጥይት ሻጮች ከአጭበርባሪዎች ጋር አንድ ላይ ተደረደሩ። የትምባሆ ሽያጭና የገንዘብ ማስተላለፊያም እዚያው ውስጥ ነበሩ። ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ሐበሻ ይህን ልብ ይበል። በ2013 የፍትሕ ሚኒስቴር ባንኮችንና የክፍያ ድርጅቶችን የሚመረምር «ቾክ ፖይንት» የሚባል ዘመቻ ጀመረ። ዋናው ዒላማው አጭበርባሪ ነጋዴዎችና የአጭር ጊዜ አበዳሪዎች ነበሩ፤ የመሣሪያ ነጋዴዎች ግን «ጦሱ ለኛም ተርፏል» ብለው አቤት አሉ። የኤፍዲአይሲ ዝርዝር በ2014 ተነሳ፣ ዘመቻው በ2017 ቆመ።

የነስኩዌር ክልከላ ግን ዘመቻው ቆሞም አልተነሳም፤ የራሳቸው ውሳኔ ነውና። ትልቁን ባንክ ሲቲግሩፕን እዩ። በ2018 ደንበኞቹ የሆኑ ሱቆች ከ21 ዓመት በታች ላለ ገዢ መሣሪያ እንዳይሸጡ ገደብ አወጣ። በ2025 ራሱ አነሳው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ባንኮች ሰውን በፖለቲካ ምክንያት እንዳያገሉ ትእዛዝ ፈረሙ። በእኔ እይታ አሳሳቢው ይህ ነው፤ የሱቁ ሥራ ሳይለወጥ የሚቀበለውና የሚያባርረው በየወቅቱ ይለዋወጣል።

«5723 የሚባለው ቁጥር ማን ምን ጠመንጃ እንደገዛ ይመዘግባል»

እያንዳንዱ ሱቅ በካርድ ሥርዓት ውስጥ የሥራ ዘርፉን የሚያሳይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለው። ጠመንጃ ሱቆች ቀድሞ ከስፖርት ዕቃ መሸጫዎች ጋር ይቆጠሩ ነበር። በ2022 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት 5723ን ለእነሱ ፈቀደ። የካርድ ኩባንያዎቹ እንጠቀምበታለን ካሉ በኋላ በ2023 ለጊዜው አቆሙት፣ ምክንያቱም አንዳንድ ግዛቶች ሊከለክሉት ሕግ ማርቀቅ ጀምረው ነበር። ከዚያ ግዛቶች በሁለት ተከፈሉ። ካሊፎርኒያ ቁጥሩን አስገዳጅ አደረገች፤ ፍሎሪዳና ቴክሳስ ከለከሉት።

ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ሱቁ ነው። 900 ዶላር ከተከፈለ ባንኩ የሚያየው የሱቁን ዓይነትና 900 ዶላሩን ነው። የተገዛው ጠመንጃ ይሁን፣ የአደን ድንኳን ይሁን፣ የብረት ካዝና ይሁን ከቁጥሩ አይታወቅም። «መብቴን ይሰልላል» የሚለውም «ግድያ ያስቆማል» የሚለውም ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

«እኛን አይመለከተንም»

የጉዞ ወኪል የሆነ ወዳጅ አለኝ። ቲኬት ነው የሚሸጠው፤ ጥይት በእጁ ነክቶ አያውቅም። አንድ ቀን የክፍያ ድርጅቱ «ሥራህ ከመመሪያችን ጋር አይሄድም» የሚል ኢሜይል ላከለት። በማግሥቱ ካርድ መቀበል አቃተው፣ ሂሳቡ ውስጥ የነበረውም ለወራት ተያዘ። ደውሎ ምክንያቱን የሚነግረው ሰው አላገኘም። በጣም አዘንኩ፤ ቲኬት የቆረጠላቸው ሰዎች እኮ በየቀኑ ይደውሉለት ነበር።

የተከለከሉ ሥራዎች ዝርዝር በየድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አለ። ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም ገንዘብ መላኪያ ልትከፍቱ ያሰባችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። ሂሳቡ ቢዘጋ ገንዘባችሁን ስንት ቀን ሊይዙት እንደሚችሉም ፈልጉ። በፔይፓል ውል እስከ 180 ቀን ይደርሳል።