ስለ ምኒልክ ትምህርት ቤት የሚወራውና እውነቱ

አራት ኪሎ አካባቢ ያለውን ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ስለ እሱ የሚወራው ግን ሁሉም ልክ አይደለም።

«የተከፈተው በ1908 ዓ.ም. ነው»

በየቦታው የማየው ስህተት ይሄ ነው። 1908 የፈረንጆቹ ቁጥር ነው። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በእነሱ ኦክቶበር 1908፣ በእኛ 1901 ዓ.ም. ነው። ሰው ቁጥሩን ከውጭ መጽሐፍ ይገለብጥና «ዓ.ም.» ይጨምርበታል። አፄ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። በ1908 ከፈቱት ካልን፣ ካረፉ በኋላ ከፈቱት ማለታችን ነው። እባካችሁ ልጆቻችሁን ስታስጠኑ ይህችን አስተካክሉላቸው።

«የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተፈሪ መኮንን ነው»

አይደለም። ተፈሪ መኮንን የተከፈተው በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. ነው። መሥራቹ ራስ ተፈሪም ቢሆኑ በወጣትነታቸው ምኒልክ ትምህርት ቤት ገብተው ተምረዋል።

«አስተማሪዎቹ ፈረንሳዮች ነበሩ»

ፈረንሳይኛ በብዛት ይሰጥ ስለነበር ይመስላል እንዲህ የሚባለው። የመጀመሪያዎቹ መምህራን ግን ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች፣ ማለትም የግብፅ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ናቸው። ቤተ ክህነት የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል ብላ ሰግታ ነበር። የዚያን ጊዜው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ራሳቸው ግብፃዊ ነበሩ፤ ኮፕቶቹም የእምነት ወንድሞች ናቸው። ንጉሡንና ቤተ ክህነትን ያስማማው መላ ይህ ሆነ። ተማሪዎቹ እንግሊዝኛ፣ ዓረብኛና ጣሊያንኛ ሲማሩ አማርኛውና ግዕዙም አልቀረባቸውም።

«ከዚያ በፊት ትምህርት የሚባል አልነበረም»

ይሄኛው ያሳዝነኛል። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከዚያ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እያለ ዓመታት የሚማረውን የቆሎ ተማሪ ምን ልንለው ነው? በየመስጊዱ ቁርዓን የሚቀራውስ? አዲስ የነበረው ትምህርቱን መንግሥት መክፈቱ፣ የውጭ ቋንቋና ሳይንስ መግባቱ ነው።

«የድሮ የድንጋይ ሕንፃ ሁሉ የጣሊያን ሥራ ነው»

ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ትምህርት ቤት ያኔ 27 ዓመቱን ይዟል። ከወረራው በፊት ከተማዋን የገነቡት ከአገሬው ሰው ጋር አብረው የሠሩ ሕንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች ናቸው። በእርግጥ በአንድ የድሮ ግቢ ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ እኩል አላረጀም፤ በየዘመኑ የተጨመረ አለ። መለየት ከፈለጋችሁ ጣሪያውንና በረንዳውን እዩ፤ የዚያን ዘመን ቤት ቆርቆሮ ክዳንና የእንጨት በረንዳ ይወዳል። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ በሉ። የብሎኬት ቤት መስኮት ከግድግዳው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በድሮው የድንጋይ ቤት ግን ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ መስኮቱ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፤ ደፉ ላይ ልጅ ደብተሩን ዘርግቶ ይቀመጥበታል።