«ለማንም የማይበጅ ነፋስ ክፉ ነፋስ ነው»፦ የእንግሊዞች ምሳሌያዊ አነጋገር እና ትርጓሜው

እንግሊዞች የአንዱ መከራ ለሌላው ሲሳይ ሆኖ ሲያዩ «ኢትስ አን ኢል ዊንድ ዛት ብሎውስ ኖባዲ ኤኒ ጉድ» ይላሉ። ቃል በቃል ሲፈታ «ለማንም በጎ ነገር ይዞ የማይነፍስ ነፋስ ክፉ ነፋስ ነው» ማለት ሲሆን፣ መልእክቱ ግን የቱንም ያህል ቢከፋ አንድ ሰው እንኳ ሳይጠቅም የሚያልፍ ነፋስ የለም የሚል ነው። እንግሊዝኛን በትምህርት የለመደ ሰው አባባሉን መጀመሪያ ሲሰማ «ይህ ክፉ ነፋስ ማንንም አይጠቅምም» የተባለ ሊመስለውና ፍቺውን ገልብጦ ሊይዘው ይችላል። ለዚህ ምክንያቱ «ዛት» የተባለችው ማያያዣ የገባችበት ቦታ ነው።

እንግሊዝኛ የአንድን ነገር መጠን በውጤቱ ሲለካ ከቅጽሉ ወይም ከተውሳከ ግሡ ፊት «ሶ» ያስቀድምና ውጤቱን በ«ዛት» ያስከትላል። «ዘ ዊንድ ዎዝ ሶ ስትሮንግ ዛት ዘ ሺፕ ኩድ ኖት ሊቭ» የሚለውን እኛ «ነፋሱ ከመበርታቱ የተነሣ መርከቧ መነሣት አልቻለችም» እንለዋለን። ቅጽሉ ስም ካስከተለ «ሶ» ብዙውን ጊዜ ቦታውን ለ«ሰች» ይለቃል፤ በንግግር ደግሞ «ዛት» ራሷ ልትዋጥ ትችላለች። በምሳሌያዊ አነጋገሩ ውስጥ ግን «ሶ» የለም። «ዛት» እዚያ የምትሠራው የእኛን «የ» ሥራ ነው፤ ነፋሱ ምን ዓይነት እንደሆነ ትገልጻለች። ያም ሆኖ ሐሳቡ የመጠን ሐሳብ ነው፦ አንድ ነፋስ ማንንም እስከማይጠቅም ድረስ ይከፋ ዘንድ ምን ያህል ክፉ መሆን ነበረበት? እንዲህ ያለው አይገኝም የሚለው መልስ ሳይነገር ለሰሚው ይተዋል። «አባቱን የሚያውቅ ልጅ ብልህ ልጅ ነው» የሚለው ሌላው የእንግሊዞች አባባልም በዚሁ ቅርጽ የተሠራ ነው፤ ብልህ የተባለ ልጅ እንኳ አባቱ ማን እንደሆነ በእርግጥ ማወቅ ይቸግረዋል ለማለት ይነገራል።

የነፋሱ አባባል እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆን ሄይውድ እ.ኤ.አ. በ1546 ባሳተመው የምሳሌያዊ አነጋገሮች ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ሄይውድ «ሰዎች እንደሚሉት» የሚል ሐረግ ስለጨመረበት፣ በዚያን ጊዜም በሕዝብ አፍ የቆየ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ከሁሉ የሚከብደው አጠቃቀም፣ በእኔ ግምት፣ ሼክስፒር በሄንሪ 6ኛ ተውኔት ሦስተኛ ክፍል ያስገባው ነው። በእርስ በርስ ጦርነት መካከል አንድ ወታደር የገደለውን ሰው ሬሳ እየጎተተ ይመጣል፤ ማንንም የማይጠቅም ነፋስ ክፉ ነው ብሎ ሟቹ ገንዘብ ይዞ እንደሆነ ሊፈትሽ ሲል፣ ፊቱን አይቶ የገዛ አባቱ መሆኑን ያውቃል። ትርፍ ፍለጋ የተጠቀሰው አባባል በአፉ ሳለ ከዳው።

ነፋስ ለምን ተመረጠ ቢባል፣ በሸራ መርከብ ዘመን ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ከእንግሊዝ ወደ አትላንቲክ መውጣት የፈለገውን ሲያግድ፣ ወደ አገሩ የሚመለሰውን እየገፋ ያስገባው ነበር። በኬንት ጠረፍ የዲል ከተማ ጀልባ ቀዛፊዎች መልሕቅ ጥለው ነፋስ ለሚጠብቁ መርከቦች ስንቅና ዕቃ እያመላለሱ ይተዳደሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1688 ደግሞ የምሥራቁ ነፋስ የፕሮቴስታንቱን ልዑል የኦሬንጁን ዊሊያም ከነጦሩ ከሆላንድ አንሥቶ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ወደሚገኘው ቶርቤይ ሲያደርሰው፣ የካቶሊኩን የእንግሊዝ ንጉሥ የጄምስ 2ኛን የጦር መርከቦች ከቴምዝ ወንዝ አፍ እንዳይወጡ ያዛቸው። ጄምስ ዙፋኑን አጣ፤ የዊሊያም ደጋፊዎች ነፋሱን «የፕሮቴስታንት ነፋስ» አሉት።

አባባሉን ከእኛው «ለበጎ ነው» ጋር አንድ አድርጎ መውሰድ ግን አይገባም። «ለበጎ ነው» መከራ የደረሰበትን ሰው ያጽናናል፤ በጎው ለራሱ ይመጣል ይለዋል። የእንግሊዞቹ አባባል በጎውን አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ሰው ስለሚሰጥ፣ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ቢነገር ነውር ነው፤ ቤቱን መልሶ ለመሥራት ስለተቀጠረው አናጢ ቢነገር ግን ቦታውን ያገኛል። ዛሬ ብዙዎች «ኢትስ አን ኢል ዊንድ» ብለው ብቻ ያቆማሉ፤ ያስቸገረችው «ዛት» ከነተከታዩ ትቀራለች፣ ሰሚውም ቀሪውን በልቡ ይሞላዋል።