የጅማ የትምህርት ቤት ኑሮ በድሮ ጋዜጣ ዓይን

በድሮ ጋዜጣ ውስጥ ጅማን መፈለግ ትንሽ ብልሃት ይጠይቃል። በንጉሡ ዘመን የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። በደርግ ጊዜ ደግሞ የከፋ ክፍለ ሀገር። ስለዚህ ብዙው ወሬዋ የተቀመጠው «ከፋ» በሚል ርዕስ ሥር ነው። «ጅማ» የሚለውን ብቻ የሚያይ ሰው ብዙ ያልፈዋል።

ዋናው ምንጭ አዲስ ዘመን ነው። ጋዜጣው ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። የድሮ እትሞቹን ለማየት አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ወይም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መሄድ ነው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ገጹን ቀስ ብሎ መግለጥ ያስፈልጋል።

ጋዜጣ የሚወደው ምረቃ ነው። ጅማ በዚህ አልተበደለችም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ እርዳታ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተባት። የዓለማያ ኮሌጅ ግቢ ገና ሲገነባ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ትምህርት የጀመሩት እዚሁ ነበር። ይህ የእርሻ ትምህርት ቤት ኋላ ኮሌጅ ሆነ፤ በ1992 ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

የዕለት ኑሮው ግን ያለው የኋላ ገጽ ላይ ነው፤ ማስታወቂያው ጋ። ከነዚህ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ የጠፋ ሰርተፊኬት ነው። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወረቀቱ የጠፋበት ልጅ፣ ያገኘ ሰው እንዲመልስለት ወይም ምትክ እንዲሰጠው በጋዜጣ ያስነግራል። ሁለት መስመር ነው። ግን ያቺ ወረቀት ሥራ ነበረች፤ መምህርነት ወይም ጸሐፊነት። ለማስታወቂያው የተከፈለው ገንዘብ ከየት እንደመጣ መገመት አያቅትም።

በዓላቱም አሉ። ጥቅምት 23 የንጉሡ የዘውድ በዓል፣ ሐምሌ 16 የልደታቸው በዓል፣ ሚያዝያ 27 የድል ቀን። በስሟ ሚያዝያ 27 የተባለ ትምህርት ቤት ላላት ከተማ የመጨረሻው ቀን የራሷ ነው። ተማሪው ተሰልፎ ይዘምራል፣ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል። ዜናው ንግግሩን በሰፊው ይጽፋል፤ ፀሐይ ላይ ስለቆመው ልጅ ግን ምንም አይልም።

መምህራኑም ከሩቅ ይመጡ ነበር። ከ1955 ጀምሮ የአሜሪካ ሰላም ጓድ፣ ከ1957 ጀምሮ ደግሞ ለአንድ ዓመት የሚላኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። 1967 ሲደርስ ነገሩ ተገላበጠ፤ የትላልቆቹ ክፍል ተማሪዎች ራሳቸው በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወረዱ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ5 ቋንቋ ተጀመረ። አንዱ ኦሮምኛ ነበር፤ ያኔ የሚጻፈው በፊደል ነው። ቁቤ፣ የላቲኑ ፊደል፣ በይፋ ሥራ ላይ የዋለው ከደርግ መውደቅ በኋላ ነው።

ጋዜጣው የዘለለው ብዙ ነው። ቡና ሲቀላ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ የገጠሩ ክፍል ይሳሳል። ልጁ ለቀማ ላይ ነዋ! የሂርማታ የሐሙስ ገበያም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ልጆች ከመደበኛው ትምህርት በፊት የሚውሉበት ቁርኣን ቤት፣ የቄስ ትምህርት ቤትም ቢሆን፣ ዜና ሆኖ አይወጣም። ዕድርም እንዲሁ፤ ድንኳን ሲተከል ማን ጋዜጠኛ ይጠራል?

ፎቶዎቹ ላይ ደግሞ ከሥር የሚጻፈው የእንግዳው ስምና ማዕረግ ነው። ሌላው ሁሉ «ተማሪዎች» ይባላል። ኮፒውን ይዞ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ከሚቀመጡ አዛውንት ዘንድ የሄደ ሰው ግን ሌላ ዝርዝር ይሰማል። ጣታቸው ከሚኒስትሩ ላይ አያርፍም። ከኋላ ረድፍ፣ ባዶ እግሩን የቆመው ልጅ ላይ ይሄዳል፤ «የአዌቱ ወንዝ ማዶው ልጅ አይደለም እንዴ ይሄ?» ይላሉ።