ውሃ በእንጨት ውስጥ፦ የዛፎች የውሃ ጉዞና አለካኩ

በዛፍ ግንድ ውስጥ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚጓዘው ዛይለም በሚባለው ህብረሕዋስ ነው። የዛይለም ቱቦዎች ሥራ የሚጀምሩት የሠሯቸው ሕዋሳት ከሞቱ በኋላ ነው፤ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ሊግኒን በተባለው የእንጨት ማጠንከሪያ ንጥረ ነገር የጠነከረ ግድግዳቸው ብቻ ይቀራል። ጥድና መሰሎቹ ትራኪድ የተባሉ ጠባብና አጫጭር ቱቦዎች አሏቸው። አበባ የሚያብቡት ዛፎች ግን በአብዛኛው ቬሰል የሚባሉ፣ ከብዙ ሕዋሳት ጫፍ ለጫፍ የተገጣጠሙ ሰፋፊ ቱቦዎች አሏቸው። ፍሰት ከቱቦው ስፋት አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ ርዝመቱና ግፊቱ እኩል ከሆነ፣ 200 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው አንድ ቱቦ የ20 ማይክሮሜትሮቹን 10,000 ቱቦዎች ያህል ያሳልፋል።

ከላይ ሆኖ በመምጠጥ ውሃን ማንሳት የሚቻለው 10 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ የካሊፎርኒያው ሬድዉድ ከ115 ሜትር በላይ ይቆማል። የዕፅዋት ተመራማሪው ኤድዋርድ ሽትራስቡርገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተቆረጡ ዛፎችን መርዝ ውስጥ አቁሞ፣ ሕያዋኑ ሕዋሳት ቢሞቱም ፈሳሹ ከ20 ሜትር በላይ መውጣቱን አሳየ። ሄንሪ ዲክሰንና ጆን ጆሊ እ.ኤ.አ. በ1894 ምክንያቱን አቀረቡ፦ ከቅጠል የሚተነው ውሃ ከኋላው ያለውን ይስባል፣ የውሃ ሞለኪውሎችም እርስ በርስ ተያይዘው ስለሚጓተቱ ስበቱ እስከ ሥር ይደርሳል። ውሃው ስለሚሳብ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። የመሬት ስበት ብቻውን በየ10 ሜትሩ 0.1 ሜጋፓስካል (የከባቢ አየርን ግፊት ያህል) ውጥረት ይጨምራል።

እንዲህ የተወጠረ ውሃ ጠላቱ አየር ነው። በጎረቤት ቱቦዎች መካከል ያለው ስስ ሽፋን እስከ አንድ ደረጃ ድረስ አየርን ያግዳል። ድርቅ በርትቶ ውጥረቱ ከዚያ ሲያልፍ ግን አየር በሽፋኑ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባና ቱቦውን ይሞላዋል፤ ይህ ኤምቦሊዝም ይባላል። ዝርያዎችን ለማወዳደር የሚያገለግለው ልኬት ግንዱ ውሃ የማስተላለፍ አቅሙን በግማሽ የሚያጣበት ግፊት ነው፤ ፒ50 ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የ226 ዝርያዎች ጥናት 70 በመቶ ያህሉ ከዚህ ገደብ 1 ሜጋፓስካል በማይሞላ ርቀት ላይ እንደሚኖሩ አሳይቷል። ይህ ለርጥብ ደንም ለደረቅ ደንም ይሠራል፤ ከመስኩ ውጤቶች ሁሉ አሳሳቢው ይኸኛው ይመስለናል።

የቅጠልን ውጥረት ለመለካት የግፊት ክፍል የሚባል፣ ጋዝ የሚሞላ ዝግ ዕቃ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ዛፉ ላይ እያለ በፕላስቲክና በአልሙኒየም ወረቀት ተሸፍኖ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ትነቱ ስለሚቆም ውጥረቱ ከግንዱ ጋር ይስተካከላል። ከዚያ ይቆረጥና የተቆረጠው የአገዳው ጫፍ ብቻ ወደ ውጭ ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ይታሰራል። ናይትሮጅን ቀስ ተብሎ ይጨመራል። ጫፉ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የረጠበበት ግፊት ይመዘገባል፤ 1.5 ሜጋፓስካል ከሆነ የቅጠሉ የውሃ ፖቴንሻል፣ ማለትም ውሃው የተወጠረበት መጠን በአሉታዊ ቁጥር ሲገለጽ፣ −1.5 ሜጋፓስካል ነው። ጋዙን ማጣደፍ ንባቡን ያዛባል። ቅጠሉ ተስፈንጥሮ ሊወጣ ስለሚችል ፊትን በቀጥታ ከላዩ ማድረግ አይገባም፤ የዓይን መከላከያ ግዴታ ነው።

የኤምቦሊዝም ልኬት ከዚህ ይከብዳል። መጀመሪያ የዝርያው ረጅሙ ቱቦ ምን ያህል እንደሆነ ይጣራል፦ በቅርንጫፉ አንድ ጫፍ ዝቅተኛ ግፊት ያለው አየር እየተላከ፣ ውሃ ውስጥ የተነከረው ሌላው ጫፍ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ይቆራረጣል። ናሙናው ከዚያ ርዝመት መብለጥ አለበት፤ በአንዳንድ የኦክ ዝርያዎች ይህ ከ1 ሜትር ያልፋል። አጭር ናሙና የወሰደ ተመራማሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት የሆኑ ቱቦዎችን ስለሚለካ ዛፉ ከእውነቱ ይልቅ ደካማ መስሎ ይታየዋል።

ቅርንጫፉ ጫፉ ውሃ ውስጥ ሆኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጥረቱን ካላላ በኋላ፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ያጥራል፤ ጫፎቹም በአዲስ ምላጭ ይስተካከላሉ። በውጥረት ላይ እያለ ከተቆረጠ፣ ውሃ ውስጥም ቢሆን፣ ቆረጣው ራሱ ኤምቦሊዝም ሊፈጥር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2013 ተገልጿል። ብዙ የቀድሞ መረጃ እንደገና የተመረመረው በዚህ ሳቢያ ነው።

ቀጥሎ በ0.2 ማይክሮሜትር የተጣራና አየሩ የወጣለት 10 ሚሊሞላር የፖታሲየም ክሎራይድ ውህድ በዝቅተኛ ግፊት፣ ከ2 እስከ 5 ኪሎፓስካል፣ ያልፍበታል፤ የሚወጣው በሚዛን ይለካል። ግፊቱ ቢበዛ አረፋዎቹ ተገፍተው ይወጣሉ። ጨው የሌለው ውሃ ደግሞ በሽፋኖቹ ላይ ባለው ለውጥ ፍሰቱን ሊቀንስ ይችላል፤ ካልተጣራም ቆሻሻው ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ከዚያ አረፋዎቹ እንዲወጡ ናሙናው በ100 ኪሎፓስካል አካባቢ ለ10 ደቂቃ ታጥቦ እንደገና ይለካል። በሁለቱ መካከል ያለው የመቶኛ ልዩነት የጠፋው አቅም ነው። ለጥድ ይህ እጥበት አይሆንም፤ በቱቦዎቹ መካከል ያሉት መዝጊያዎች በግፊቱ ተጣብቀው ይቀራሉ፣ ሙጫውም ያግዳል። በቫኪዩም ማርጠብ ይሻላል።

ዛሬ በኤክስሬይ ቶሞግራፊ፣ ማለትም የውስጥ ክፍልን በጨረር በሚያነሳ ዘዴ፣ ሕያው ተክል ሳይቆረጥ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ማየት ይቻላል፤ ባዶው ቱቦ ጥቁር፣ ሙሉው ግራጫ ሆኖ ይታያል። መሣሪያው ውድ ነው፣ የጨረሩ ተደጋጋሚ መጠንም ሕያዋን ሕዋሳትን ይጎዳል፤ ስለዚህ አንድን ግንድ ለቀናት ደጋግሞ መቃኘት ከጥንቃቄ ጋር ብቻ የሚሠራ ነው።