በሰሜን ሸዋ አካል ጉዳት ባለባቸውና በሌለባቸው አዋቂዎች መካከል ያለው የትምህርት ደረጃ ልዩነት

ሰሜን ሸዋ ከአማራ ክልል ዞኖች አንዱ ነው። ዋና ከተማው ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ናት። ፍቼን ማዕከሉ ያደረገው የኦሮሚያ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ሌላ ነውና ከዚህ ዳሰሳ ውጭ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 1.8 ሚሊዮን ያህል የነበረ ሲሆን፣ በከተማ ይኖር የነበረው ከስምንት ሰው አንድ አይሞላም ነበር። አገሩ ከመንዝ ውርጭ እስከ ቀወትና በረኸት ቆላ ይዘልቃል፤ ጀማና ወንጪት ወንዞች የቆረጧቸው ገደሎች አንዱን ቀበሌ ከሌላው ይለዩታል። ትምህርትና አካል ጉዳት ሲነሱ ይህን ገደል መርሳት አይቻልም።

የትምህርት ደረጃ ልዩነት የሚባለው አዋቂዎች ስንተኛ ክፍል ድረስ ዘለቁ፣ ማንበብና መጻፍስ ይችላሉ ወይ ተብሎ አካል ጉዳት ያለባቸው ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸሩ የሚታየው ርቀት ነው። ርቀቱ በሰሜን ሸዋ ብቻ የታየ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት በ51 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ አቅርቦ ነበር። በዚያ መሠረት አንደኛ ደረጃን ያጠናቀቁ አካል ጉዳተኛ ወንዶች 50.6 በመቶ፣ ጉዳት የሌለባቸው ወንዶች 61.3 በመቶ ነበሩ፤ በሴቶች በኩል ደግሞ 41.7 እና 52.9 በመቶ። በትምህርት ገበታ ላይ ያለፈው ዓመት ሲቆጠር ጉዳት የሌለበት ወንድ በአማካይ ሰባት ዓመት ሲማር አካል ጉዳተኛው ወንድ ስድስት፣ አካል ጉዳተኛዋ ሴት አምስት ዓመት ያህል ተምረዋል። ጉዳቱ ከሴትነት ጋር ሲደረብ ርቀቱ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የመጀመሪያው ችግር አካል ጉዳተኛውን መቁጠር ነው። የ1999ኙ ቆጠራ በአገሪቱ ያገኘው ከሕዝቡ 1.09 በመቶ ብቻ ነበር። ከላይ የተጠቀሰው ዓለም አቀፍ ሪፖርት ግን ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ የሚል ግምት አስፍሯል። ይህ ሁሉ ልዩነት የመጣው በዋናነት ከአጠያየቁ ነው። ቆጣሪው ደጃፍ ቆሞ «በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲል፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው አያት እምድጃው ዳር ተቀምጠው እያለ «የለም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ለቤተሰቡ የእርሳቸው ነገር እርጅና ነዋ። ከጓዳ የማይወጣ ልጅ ያለበት ቤትም «የለም» ይላል፣ በሌላ ምክንያት። ይህን ለማረም እ.ኤ.አ. በ2001 በተባበሩት መንግሥታት የስታትስቲክስ ኮሚሽን ሥር የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን ስድስት ጥያቄዎች አዘጋጅቷል። ጥያቄዎቹ «አካል ጉዳተኛ» የሚለውን ቃል ጨርሶ አያነሡም። መነጽር አድርገው እንኳ ለማየት ይቸገራሉ? ለመስማትስ? ለመራመድ፣ ነገር ለማስታወስ፣ ልብስ ለመልበስና ለመታጠብ፣ ከሰው ጋር ለመግባባትስ? እያሉ መልሱን በአራት ደረጃ ይቀበላሉ። የአጠያየቁ ለውጥ የትምህርቱንም ንጽጽር ይለውጠዋል፤ ጉዳቱ የከፋበት ብቻ ሲቆጠር ርቀቱ ይሰፋል፣ ቀለል ያለ ችግር ያለበት ሲጨመር ይጠባል።

ሁለት ዓይነት ሰው በአንድ ቁጥር

ይህን ልዩነት የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው አንድ ነገር አለ። በአካል ጉዳተኞች ረድፍ የሚሰለፉት አዋቂዎች ሁለት የተለያየ ታሪክ ያላቸው ናቸው፦ ጉዳቱ ከትምህርት ቤት የቀደመባቸውና ጉዳቱ ከትምህርት ዕድሜ በኋላ የመጣባቸው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ ከአሥር እጅ አንድ እጅ የሚበልጠው ደግሞ በትራኮማ ምክንያት ዓይኑን እንዳጣ አሳይቷል። የዓይን ሞራ በአመዛኙ በዕድሜ ይመጣል። ትራኮማ በልጅነት ይጀምርና እያሠለሰ ቆይቶ፣ የዓይኑ ሽፋን ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ኋላ ያሳውራል፤ የአማራ ክልል በዓለም ላይ በሽታው እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፣ ከወንድ ይልቅም ሴትን ያጠቃል። እንግዲህ በስልሳ ዓመታቸው ዓይናቸውን ያጡ የጌራ ምድር ገበሬ «ያልተማሩ ዓይነ ስውር» ተብለው ሲመዘገቡ፣ ሳይማሩ የቀሩት ዓይናቸው ብሩህ በነበረበት ዘመን መሆኑ አይታይም። በልጅነታቸው በአቅራቢያቸው ትምህርት ቤት አልነበረም። እንዲያውም ነገሩ የሚገለበጥበት ጊዜ አለ፤ ውኃ በራቀበት፣ ድህነት በከፋበት ቤት ያደገ ሰው ትምህርቱንም ዓይኑንም ያጣው በአንዱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጉዳቱ በስንት ዓመት እንደ መጣ ያልጠየቀ ጥናት ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙም አይነግረንም።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዚህ ትውልድ ላይ ያሳደረው ውጤት ቀላል አይደለም፤ በዓለም መድረክም ተሸልሟል። ግን ዘመቻው ሰሌዳና የፊደል ገበታ ይዞ የመጣ ነበር። ማየት የሚችል ጎረቤት ስሙን መጻፍ ሲማር፣ ማየት የተሳነው የሚዳስሰው ፊደል አልነበረውም። ዛሬ በዚያ እግር የተተካው ሁለት ዓመት የሚፈጀው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርትም በአመዛኙ ሰሌዳ ላይ የቆመ ነው።

በቃል የሚሰጠው ትምህርት

የሰሜን ሸዋን ነገር ከሌላው ዓለም የሚለየው የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ዳዊት በቃል ይደገማል፣ ዜማ በጆሮ ይያዛል፣ ቅኔ በልብ ተቆጥሮ ለመምህሩ ይነገራል፤ መምህሩም እዚያው ያርመዋል፣ ያቀናዋል። በዚህ ሥርዓት ዓይነ ስውር ተማሪ ከጓደኞቹ የሚያንስበት ነገር እምብዛም የለም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በጓደኛው ተመርቶ ቁራሽ ይለምናል፤ ማታ ግን ከዋሸራም ይሁን ከጎንጅ የመጣውን የቅኔ ስልት እንደማንም ይማራል። ዓይናቸውን በፈንጣጣም ይሁን በሌላ ሕመም ያጡ የቅኔና የድጓ መምህራን በቤተ ክርስቲያኒቱ ታሪክ እንግዳ አይደሉም። በይፋት በኩል ባሉ የሙስሊም መንደሮችም ቁርኣንን በቃል የሚይዝ ዓይነ ስውር ደረሳ ተመሳሳይ ክብር ያገኛል።

መጠይቅ የያዘው ባለሙያ ግን «ስንተኛ ክፍል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ከአሥር ዓመት በላይ ቅኔ ቤት የኖረ ሰው ቢበዛ «የቤተ ክህነት ትምህርት» በሚለው ሣጥን ይገባል፤ የአማካይ ዓመት ስሌት ውስጥ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። በእኔ አስተያየት ይህ በሰሜን ሸዋ ያለውን ርቀት ከእውነቱ በላይ ያሰፋዋል፣ ለዓይነ ስውራን ወንዶች ብቻ ቢሆንም። ሴቶች በዚህ ሥርዓት ያላቸው ቦታ ጠባብ ነበር። መስማት ለተሳነው ሰው ደግሞ በጆሮ የሚማሩበት ቤት ፈጽሞ የተዘጋ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ለእርሱ ብዙ አልተሻለለትም። በገጠር የሚያድግ መስማት የተሳነው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሳያይ ሰባት ዓመት ይሞላዋል፤ ከእናቱ ጋር የሚግባባው ቤት ውስጥ በተፈጠሩ ጥቂት ምልክቶች ነው። እረኝነት ይሰጠዋል፣ በእረኝነቱም ይመሰገናል፣ በዚያው ይቀራል።

ከጠበል እስከ አንደኛ ክፍል

ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ዓይኑ ሲጠፋ ወይም እግሩ ሲሰንፍ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሄደው ጠበል ነው፤ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ፣ ወደ ጻድቃኔ ማርያም። ይህን በንቀት የሚያነሡ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። ልጁ እንዲድን መሻት ልጁን መውደድ ነው። ነገር ግን ፈውስ ሲጠበቅ ዓመት ይሄዳል፤ «ሲድን ይማራል» የተባለ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶት ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ለመቀመጥ ያፍራል። በአገር አቀፍ ደረጃ በ2012 ዓ.ም. ልዩ ፍላጎት ካላቸው ልጆች በአንደኛ ደረጃ ይማሩ የነበሩት 11 በመቶ ያህል፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ከ3 በመቶ በታች እንደነበሩ የትምህርት ሚኒስቴር አስታውቆ ነበር። ርቀቱ የሚከፈተው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው፦ በመግቢያው በርና ከመንደር ወደ ከተማ በሚሻገሩበት ጊዜ።

ለዓይነ ስውር ልጅ መግቢያው ላይ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ ስሌት የሚባለው የብሬይል (በጣት የሚዳሰስ የነጥብ ጽሕፈት) መጻፊያ ሰሌዳ፣ ነጥቡን የሚወጋው ስታይለስ፣ ወፍራም ወረቀት፣ ለሒሳብ አባከስ የሚባለው የዶቃ መቁጠሪያ። በስሌት ሲጻፍ ወረቀቱ ይቆነጠጥና በስታይለሱ ከቀኝ ወደ ግራ ነጥብ ነጥብ ይወጋል፤ ሲነበብ ይገለበጥና እንደ ወትሮው ከግራ ወደ ቀኝ በጣት ይዳሰሳል። በዓይን የሚነበበው አንድ የግዕዝ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምሮ የያዘ ሲሆን፣ በአማርኛ ብሬይል ግን ሁለቱ ተለያይተው ስለሚጻፉ አንዱ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀጭን የነበረው የክፍል መጽሐፍ በብሬይል ሲታተም ብዙ ወፋፍራም ጥራዝ ይሆናል፤ በጀርባ ተሸክሞ ገደል የሚወርድበት ዓይነት አይደለም። ከዕቃው የሚከብደው ሰው ማግኘቱ ነው። ብሬይል ወይም የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር በየቀበሌው ስለማይገኝ የአካቶ ትምህርት (አካል ጉዳት ያለባቸውንና የሌለባቸውን አብሮ የማስተማር) ድጋፍ ማዕከላት በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ብቻ ይቋቋማሉ።

ሁለተኛው በር የከተማው ነው። ስምንተኛን የጨረሰ የገጠር ልጅ ወደ ዓለም ከተማ፣ ወደ እነዋሪ፣ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ አረርቲ ወርዶ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። በገበያ ቀን ከቤት ስንቅ ይላክለታል፤ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ሽሮ። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ወጥ ይሠራል፣ ቅዳሜ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በክራንች የሚሄድ ልጅ ይህን ሁሉ ሲያስበው ክፍሉ ውስጥ ካለው ትምህርት ይልቅ ከክፍሉ ውጭ ያለው ኑሮ ያሸንፈዋል። ለሴት ልጅ ሥጋቱ ሌላ ነው፤ ወላጅ ዓይነ ስውር ልጁን ብቻዋን ለከተማ ክራይ ቤት አያምንም። በጎረቤት ወሎ የተወለደችው የሕግ ባለሙያዋና እ.ኤ.አ. የ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ተሸላሚዋ የትነበርሽ ንጉሤ ግን ነገሩን ከሌላ ወገን አሳይታለች፤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ማጣቷ በአካባቢው ከተለመደው ያለ ዕድሜ ጋብቻ አድኖ ወደ ትምህርት እንደ ወሰዳት በይፋ ተናግራለች። ያኔ እርሷን የተቀበላት የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ከትውልድ ቦታዋ ርቆ ሻሸመኔ ነበር።

ርቀቱ ሲጠብ

ልዩነቱ የጠበበ ሁሉ መሻሻል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ ሲቃጠሉ፣ በ2014 ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ፣ ከ2015 ማብቂያ ወዲህም በክልሉ ግጭት ሲበረታ፣ የተዘጋው ትምህርት ቤት ለሁሉም ነበር። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት የአገሪቱ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ ዓመታት የወጡ አዋቂዎች ወደፊት ሲነጻጸሩ ርቀቱ ያነሰ ሊመስል ይችላል፤ ያነሰው ግን ከላይ ያለው ስለ ወረደ ይሆናል። ጦርነቱ አዲስ አካል ጉዳተኞችንም ስለ ጨመረ፣ ተምረው ሳለ እጅና እግር ያጡ ወጣቶች በረድፉ ሲገቡ የአካል ጉዳተኞች አማካይ የትምህርት ደረጃ ከፍ ብሎ ሊታይ ነው።

ሕጉና ሥራው

በሕግ በኩል ብዙ ተጽፏል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ሀብት እንዲመድብ ያዛል፤ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ጠይቋል፤ አንቀጽ 24 ላይ ስለ ትምህርት የሚደነግገውን የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አገሪቱ በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የሥራ ስምሪት መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አካል ጉዳተኛው ከሌላው ተወዳዳሪ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ቅድሚያ እንዲሰጠው ይላል። ድንጋጌው የሚጠቅመው ግን ለውድድሩ የደረሰውን ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቀረው ምን ይዞ ይወዳደራል?

የደረሱት አሉ። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከእርሱ ቀድሞ በከተማዋ የነበረው የመምህራን ኮሌጅ ትምህርቱን ለአካባቢው ልጅ አቅርበውለታል። ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት የሚታዩት በሕግ፣ በቋንቋ፣ በታሪክና በልዩ ፍላጎት ትምህርት ነው፤ ለሒሳብና ለሳይንስ የሚሆን የብሬይል መጽሐፍና የመሣሪያ እጥረት ምርጫውን ገና ከታች ክፍል ይወስንላቸዋል። ሲመረቁ ብዙዎቹ መምህር ይሆናሉ። አዲስ መምህር ደግሞ በተለምዶ ሥራ የሚጀምረው ከከተማ በራቀ ትምህርት ቤት ነው፤ መኪና እስከ ገደሉ አፍ ያደርሰዋል፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ዲግሪው ከሌላው መምህር ጋር እኩል፣ ደሞዙም እኩል ሆኖ ሳለ፣ ዓይነ ስውሩ መምህር ከደሞዙ የተወሰነውን ለሚመራው ልጅና ውኃ ለሚቀዳለት ሰው ይከፍላል።