ማንዳሪን በእንግሊዝ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች

በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የውጭ ቋንቋ ሲባል ለረጅም ዘመን የሚታሰቡት ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ስፓኒሽ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከ14 ዓመት በላይ ለሆኑ ተማሪዎች የውጭ ቋንቋ ግዴታ መሆኑ ሲቀር እነዚህም ተማሪ ይሸሻቸው ጀመር። ማንዳሪን፣ ማለትም መደበኛው ቻይንኛ፣ ደግሞ በአብዛኛው የባለጸጋ ልጆች ትምህርት ነበር፤ ብራይተን ኮሌጅ የተባለው የግል ትምህርት ቤት በ2006 ለተማሪዎቹ ግዴታ አድርጎታል።

ማንዳሪንን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች በስፋት ያስገባው ዋነኛው ጥረት የማንዳሪን የልህቀት መርሐ ግብር ነው። በ2015 የወቅቱ የገንዘብ ሚኒስትር ጆርጅ ኦስቦርን ቻይናን ሲጎበኙ 10 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚመደብ አስታወቁ። ግቡ በ2020 ቋንቋውን አቀላጥፎ ወደ መናገር የሚያመሩ 5,000 ተማሪዎችን ማፍራት ነበር። ትምህርቱ በሴፕቴምበር 2016 በ14 ትምህርት ቤቶች ተጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ70 በላይ ደረሰ። ገንዘቡ ከትምህርት መሥሪያ ቤቱ ሲመጣ፣ ሥራውን የሚመሩት የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የትምህርት ተቋምና ብሪቲሽ ካውንስል ናቸው።

የመርሐ ግብሩ ትልቁ ብልሃት ሰዓት ነው። በ11 ዓመታቸው የሚጀምሩት ልጆች በሳምንት 8 ሰዓት ይማራሉ፤ ግማሹ ክፍል ውስጥ ከመምህር ጋር፣ ግማሹ ራሳቸው በሚያጠኑት። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቋንቋ ትምህርት ቤት ዲፕሎማቶቹን ፈረንሳይኛ ወይም ስፓኒሽ ለማስተማር ከ600 እስከ 750 ሰዓት ሲመድብ፣ ለማንዳሪን 2,200 ይመድባል። እንግሊዛዊው ልጅ በዓመት 300 ሰዓት ያህል ቢያጠና እንኳ በአምስት ዓመት 1,500 ገደማ ነው። ከዚህ ባነሰ ሰዓት ማንዳሪንን አስተምራለሁ የሚል ትምህርት ቤት ከሰላምታና ከቁጥር ብዙ ማለፍ ይከብደዋል ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ ከሁለት ወገን ይመጣል። አንደኛው ዜማው ነው፤ «ማ» የሚለው ድምፅ በአራቱ የድምፅ አወጣጦች እናት፣ ቃጫ፣ ፈረስ ወይም መሳደብ ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ «እስካሁን» ማለት እንደሆነ ስለሚያውቅ ነገሩ ጨርሶ ባዕድ አይሆንበትም፤ በእንግሊዝኛ ያደገ ልጅ ግን ጆሮውን እንደ አዲስ ማሠልጠን አለበት። ሁለተኛው ጽሕፈቱ ነው። ፊደላችን 231 መሠረታዊ ሆሄያት አሉት፤ ቻይንኛ ጋዜጣ ለማንበብ የሚፈለጉት ምልክቶች በሺዎች ይቆጠራሉ።

ተማሪዎቹ በየዓመቱ የመሸጋገሪያ ፈተና ይወስዳሉ፤ ወደ ቻይና ሄደውም ለሁለት ሳምንት ያህል ይማራሉ። ከመማሪያ ክፍል ውጭ ሌላ አገር አይቶ ለማያውቅ ልጅ በራሱ አንደበት ምግብ አዝዞ መብላት ከየትኛውም ውጤት ይበልጣል። ይህ ጉዞ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ተቋርጦ ትምህርቱ በኢንተርኔት ብቻ የተሰጠበት ጊዜ ነበር።

መምህር ማግኘት ሌላው ፈተና ነው። ስለዚህም ከገንዘቡ ከፊሉ 100 አዳዲስ የማንዳሪን መምህራንን ለማሠልጠን የታሰበ ነበር። ብዙ ትምህርት ቤቶች የቻይንኛን ቋንቋና ባህል ለማስተማር በቻይና መንግሥት ድጋፍ ከተቋቋሙት የኮንፊሽየስ ተቋማት ጋር ሠርተዋል፤ የቻይና መንግሥት ተጽዕኖ ይገባል የሚለው ጥርጣሬም ከዚህ ይነሣል። በኋላ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሪሺ ሱናክ በ2022 ለፓርቲ መሪነት ሲወዳደሩ በብሪታንያ ያሉትን 30 ተቋማት እንደሚዘጉ ቃል ገብተው ነበር፤ ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን አልዘጓቸውም። የመንግሥታቱ ግንኙነት በቀዘቀዘ ቁጥር የልጆቹ መማሪያ ክፍል አብሮ መንቀጥቀጡ ያሳዝናል።

በ2018 የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን ፈተና በቻይንኛ የወሰዱት ከጀርመንኛ ተፈታኞች በለጡ። ሆኖም ከእነዚህ ብዙዎቹ ቋንቋውን ከቤታቸው ይዘው የመጡ ናቸው። ከባዶ ተነሥቶ ለዓመታት የለፋ ልጅ ከእነርሱ ጋር አንድ ወረቀት ላይ ስለሚወዳደር፣ ከፍተኛ ውጤት አጣለሁ ብሎ ስለሚፈራ በ16 ዓመቱ ማንዳሪንን ትቶ ሌላ ትምህርት ይመርጣል።